የአዳኙ መነጽርና የመስቀሉ ቦታ
ፊተኛው ይሻላል ወይስ ኋለኛው?

ሩቁን አቅርቦ የማየት ምኞት ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ምኞት ነው። አባቶቻችን ወጨፎና ምንሽር ይዘው ወደ ዱር ሲወርዱ የሚተማመኑት በሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ በዓይናቸው ጥራትና በጠመንጃቸው ማለሚያ። ስለሆነም ርቀት ራሱ ይገድባቸው ነበር። ዓይን አጣርቶ ያላየውን አውሬ ለመተኮስ የሚደፍር አዳኝ አልነበረም፤ ቢኖርም በጓደኞቹ ዘንድ የሚያስከብረው ሥራ አልነበረም።

ዛሬ ግን በጠመንጃው ላይ መነጽር ተገጥሟል። መነጽሩም 400 ሜትር ርቆ የቆመውን አጋዘን በእጅ የሚዳሰስ ያህል አቅርቦ ያሳያል። ነገር ግን መነጽር ዓይንን እንጂ ጥይትን አያቀርብም። ጥይቱ ያንኑ 400 ሜትር በአየር ውስጥ እየወደቀና በነፋስ እየተገፋ መጓዝ አለበት። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው ያገራችን አባባል እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል፤ የመነጽሩን አሠራር በልቡ ያላወቀ ሰው፣ በዓይኑ ምንም ያህል አቅርቦ ቢያይ፣ አውሬውን ይስተዋል፤ ከመሳቱም የከፋ አቁስሎ ይለቀዋል።

በረዥም ርቀት ለማደን መነጽር የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የመስቀል ምልክት የተቀመጠው በፊተኛው የትኩረት ጠለል ላይ ነው ወይስ በኋለኛው? ነገሩ ለጊዜው ጥቃቅን መስሎ ይታያል። ነገር ግን ውጤቱ የአንድን አውሬ ሞት ፈጣን ወይም ሥቃይ የበዛበት ሊያደርገው የሚችል በመሆኑ፣ በዛሬው ጽሑፋችን በሰፊው ልንመለከተው ወደድን።

በቱቦው ውስጥ ያለው ሥራ

በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከሁለት ጉብ ሌንሶች ስለሚሠራ መነጽር ጽፏል። በዚህ ዓይነቱ መነጽር ውስጥ ፊተኛው ሌንስ የሩቁን ነገር ምስል ቱቦው ውስጥ ባለ አንድ ቦታ ላይ ይስላል። ያ ቦታ የትኩረት ጠለል ይባላል። ምስሉ በትክክል እዚያ ላይ ስለሚያርፍ፣ በዚያው ቦታ ላይ ቀጭን ክር ቢዘረጋ ክሩና ሩቁ ነገር አንድ ላይ ጠርተው ይታያሉ። ዊልያም ጋስኮይን የተባለው እንግሊዛዊ በዚያው በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ይህንን ተረድቶ በመነጽር ውስጥ ክር በመዘርጋት በከዋክብት መካከል ያለውን የማዕዘን ርቀት ለመለካት ተጠቀመበት። የዛሬው አዳኝ የሚያልምበት መስቀል የዚያ ክር የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የኬፕለር መነጽር የሚያሳየው ምስል የተገለበጠ ነው። ለኮከብ ተመልካች ይህ አያስጨንቅም፤ ለአዳኝ ግን አጋዘኑ እግሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ መታየቱ አይበጅም። ስለዚህ በጠመንጃ መነጽር ውስጥ፣ በፊተኛው ሌንስና በዓይን ሌንስ መካከል፣ ምስሉን መልሰው የሚያቀኑ ሌሎች ሌንሶች ይገባሉ። እነዚህ አቅኚ ሌንሶች የተገለበጠውን ምስል ተቀብለው፣ ቀጥ አድርገው፣ ወደ ዓይን ቀረብ ባለ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ይስሉታል። እንግዲህ በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት የትኩረት ጠለሎች አሉ ማለት ነው፤ ፊተኛውና ኋለኛው።

ማጉያው በማይለወጥ መነጽር ላይ መስቀሉ በየትኛው ቢቀመጥ ለአልሞ ተኳሹ ብዙ ለውጥ የለውም። ጥያቄው የተነሣው ማጉያው የሚለዋወጥ መነጽር ከመጣ በኋላ ነው። አዳኙ ቀለበቱን ሲያዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሱት እነዚያው አቅኚ ሌንሶች ናቸው። ምስሉን የሚያሳድጉትና የሚያሳንሱትም እነርሱ ናቸው። አሁን አንባቢያችን ነገሩን በቀላሉ ሊደርስበት ይችላል። መስቀሉ ከአቅኚዎቹ በፊት ከተቀመጠ፣ ምስሉ ሲያድግ እርሱም አብሮ ያድጋል፤ ምስሉ ሲያንስም አብሮ ያንሳል። መስቀሉ ከአቅኚዎቹ በኋላ ከተቀመጠ ግን አውሬው ብቻ ሲያድግና ሲያንስ መስቀሉ ባለበት መጠን ይቀራል።

ቀያሹና አዳኙ

ቅየሳ የተማሩ ወጣቶች ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያሻቸውም። ቀያሽ በቴዎዶላይት ውስጥ ሲያይ ከመስቀሉ በላይና በታች ሁለት አጫጭር መስመሮችን ያገኛል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ከተተከለው በትር ላይ 1 ሜትር ከታየ፣ በትሩ 100 ሜትር ርቆ ቆሟል ማለት ነው፤ 3 ሜትር ከታየ 300 ሜትር ነው። ቀያሹ በልበ ሙሉነት በ100 የሚያባዛው በመስመሮቹና በምስሉ መካከል ያለው ዝምድና የማይናወጥ ስለሆነ ነው።

የአዳኙም መስቀል ዛሬ እንዲህ ያሉ ምልክቶች አሉበት። መለኪያቸው ብዙውን ጊዜ ሚል ይባላል። አንድ ሚል በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር፣ በ400 ሜትር ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ከዋናው መስቀል በታች የተደረደሩት ምልክቶች ጥይቱ በሚወድቅበት መጠን አፈሙዙን ከፍ አድርጎ ለማለም ያገለግላሉ።

መስቀሉ በፊተኛው ጠለል ላይ ከሆነ፣ ማጉያው 4 ይሁን 16፣ አንድ ሚል ሁልጊዜ አንድ ሚል ነው። በኋለኛው ጠለል ላይ ከሆነ ግን ምልክቱ እውነት የሚናገረው በአንድ ማጉያ ብቻ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ማጉያ ነው። ማጉያው በግማሽ ሲቀነስ እያንዳንዱ ምልክት የሚሸፍነው ርቀት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ስሌት

ነገሩን በቁጥር እንየው። ጠመንጃው በ200 ሜትር ላይ ተስተካክሏል እንበል። መካከለኛ ኃይል ያለው የአደን ጥይት በደጋ አየር በ400 ሜትር ላይ ከመስመሩ 72 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። 72 ለ40 ሲካፈል 1.8 ሚል ነው። ስለዚህ አዳኙ 1.8 ላይ ያለውን ምልክት በአጋዘኑ ደረት ላይ አድርጎ ቃታውን ይስባል።

መነጽሩ ባለ ኋለኛ ጠለል፣ ምልክቱም የሚታመነው በ16 ማጉያ ነው እንበል። አዳኙ በችኮላ ማጉያውን 8 ላይ ትቶት ከሆነ፣ 1.8 ያለው ምልክት በእውነቱ 3.6 ሚል ነው፤ በ400 ሜትር 144 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ጥይቱ ካሰበው ቦታ 72 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከአውሬው ጀርባ በላይ ያልፋል። አውሬው ይደነግጣል፤ ይሮጣል፤ በሕይወትም ይኖራል።

ነገር ግን ማጉያው 12 ላይ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ምልክቱ 2.4 ሚል ይሆናል፤ ይህም 96 ሳንቲ ሜትር ነው። ስሕተቱ 24 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንባቢያችን ይህንን ትንሽ ስሕተት ከትልቁ የተሻለ አድርጎ እንዳይገምት። ደረቱን መሐል ለመሐል ለማግኘት የታሰበው ጥይት 24 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል የጀርባውን ላይኛ ሥጋ ቀዶ ያልፋል። አውሬው አይሞትም፤ አይድንምም። ደሙን እያንጠባጠበ ወደ ጥሻው ይገባል፤ ከቀናት በኋላም አዳኙ በማያይበት ቦታ ይወድቃል። ትልቁ ስሕተት አዳኙን ያሳፍረዋል፤ ትንሹ ስሕተት ግን አውሬውን ያሠቃየዋል።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ዓይነት እይታ

ይህንን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባን ከከበቡትና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት መካከል ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን መመልከት ይበቃል። ሦስቱን የመረጥናቸው ለዓይን ትምህርት እንጂ ለተኩስ አይደለም። በከተማና በመንደር ዙሪያ፣ በተጠበቀ ደንም ውስጥ ጠመንጃ የሚያነሣ ሰው ከሕግም ከኅሊናም ውጭ ነው።

ከሰበታ ተነሥተን ወደ ወጨጫ ተራራ ስንወጣ የመናገሻ ሱባን ደን እናገኛለን። ጽዱና ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ተደራርቦ የቆመበት ይህ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር መጥቶ እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ጉሬዛው በቅርንጫፍ ላይ ይዘላል፤ ጥቁሩ የምኒልክ ድኩላም በጥላው ውስጥ ውር ውር ይላል። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ ዓይን የሚደርሰው 50 ወይም 80 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት የጥይቱ መውደቅ ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ የሚል ምልክት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ማጉያ ሰፊ እይታ ነው፤ በጥላም ውስጥ የማይጠፋ ደማቅ መስቀል ነው። ባለ ፊተኛ ጠለል መነጽር የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ማጉያው ሲያንስ መስቀሉም አብሮ ስለሚያንስ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኖ ከጽዱ ጥላ ጋር ይዋሐዳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምሽቱ ፈጥኖ በሚጨልምበት አገራችን ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ኋለኛው ጠለል ግን መስቀሉን በማንኛውም ማጉያ በአንድ ውፍረት ያሳያል። እርግጥ፣ ዛሬ መስቀላቸው በባትሪ የሚበራ መነጽሮች መጥተው ችግሩን አቃለውታል፤ ነገር ግን ባትሪ የሚያልቅ ነገር ነው።

በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ስንወጣ ደግሞ የገፈርሳን ግድብ እናያለን። በውሃ ማዶ ወይም በሸለቆ ማዶ ያለ ነገር ከእውነተኛው ርቀቱ ቀርቦ መታየቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰው በዓይኑ ሊፈርድ አይገባም። ዛሬ በጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያ አለ። እርሱ የሌለው ግን እንደ ቀያሹ በመስቀሉ ይለካል። ትከሻው 130 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አውሬ ከእግሩ እስከ ትከሻው 4 ሚል ከያዘ፣ 325 ሜትር ርቋል ማለት ነው። ባለ ኋለኛ ጠለል መነጽር ግን በግማሽ ማጉያ ላይ ሲሆን ያው አውሬ 2 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ያልጠረጠረውም ሰው 650 ሜትር ብሎ ያነብባል። መለኪያው ራሱ ሲያታልል ከዓይን ግምት ይብሳል።

እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ሜዳው ይከፈታል። የሣሩ ክምርና የከብቱ መንጋ በሩቁ ይታያል፤ ነፋሱም የሚያስቆመው ነገር ስለሌለ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይነፍሳል። እንዲህ ባለ ገላጣ ቦታ ዓይን 200ም፣ 400ም፣ 600ም ሜትር ያያል። በሜዳ ላይ የሚያድን ሰው ነፋሱንና መውደቁን ባንድነት በምልክቶቹ ላይ አስልቶ መያዝ አለበት። የአየሩ ሙቀት ምስሉን ሲያንቀጠቅጠውም ማጉያውን ከ16 ወደ 10 ዝቅ ማድረግ ግድ ይለዋል። ታዲያ ማጉያው ተለውጦ ምልክቱ የማይለወጥበት መነጽር፣ ማለትም ፊተኛው ጠለል፣ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ቦታ ነው።

ሱሉልታ ሌላም ትምህርት ታስተምረናለች። ሯጮቻችን በዚያ ሜዳ የሚለማመዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ይኸው ስስ አየር ጥይቱንም እምብዛም አያግደውም። ስለዚህ በባሕር ወለል አገር የተዘጋጀ የጥይት ሠንጠረዥ ይዞ በደጋ የሚያድን ሰው ጥይቱ ካሰበው በላይ ሲመታ ያገኘዋል። ይህ ስሕተት የመስቀሉ ቦታ የትም ቢሆን አይቀርም። መነጽር ከውጭ አገር ሊመጣ ይችላል፤ ሠንጠረዡ ግን ባገር ቤት መሠራት አለበት።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

በአገራችን ረዥም ርቀት ተኩስ ከሚጠይቁት የአደን ዓይነቶች ዋናው የደጋ አጋዘን አደን ነው። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በሳይንስ ዓለም የታወቀው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ሪቻርድ ሊደከር የተባለው እንግሊዛዊ ሲገልጸው ሲሆን፣ ስሙም ናሙናውን ባመጣው በቡክስተን ተሰይሟል። ኑሮው በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዛሬ ለመጥፋት ከሚያሰጋቸው እንስሳት መካከል ተመዝግቧል።

እንደ አባሸባ ደመሮና ሙነሣ ባሉ የተፈቀደ አደን ክልሎች በየዓመቱ ጥቂት ወንድ አጋዘኖች ብቻ በፈቃድና በክፍያ ይታደናሉ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ኮታውን ይቆጣጠራል። የሥርዓቱ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ጥቂት ያረጁ ወንዶች በክፍያ ሲታደኑ ደኑና የቀረው መንጋ ይጠበቃል። ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው የተተኮሰው ሁሉ የተቈጠረ እንደ ሆነ ነው። አንድ አዳኝ አንዱን አቁስሎ ለቅቆ ሌላውን ቢገድል፣ መዝገቡ አንድ ይላል፤ ተራራው ግን ሁለት አጥቷል። ቁጥሩ ጥቂት በሆነ እንስሳ ላይ እንዲህ ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። እንግዲህ የመስቀሉ ቦታ ጥያቄ የአዳኙ የግል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እዚህ ላይ እንረዳለን።

የትኛው ይመረጥ?

በኤውሮፓ የቆየው ልማድ መስቀሉን በፊተኛው ጠለል ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ አሜሪካውያን ደግሞ ኋለኛውን ወደዱ። በቅርብ ዘመን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ብዙ የኤውሮፓ አዳኞች ወደ ኋለኛው ሲዞሩ፣ በረዥም ርቀት የሚተኩሱ አሜሪካውያን ፊተኛውን ይዘዋል። ይህም የሚያሳየን አንዱ ፍጹም መልካም፣ ሌላው ፍጹም መጥፎ አለመሆኑን ነው። የሚለያቸው ሥራው ነው።

በደን ውስጥ፣ በቅርብ ርቀት፣ በማለዳና በምሽት ለሚያድን ኋለኛው ጠለል ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜም ይሻላል። ዋጋው ይቀንሳል፤ ክብደቱም ይቀላል። ርቀቱን ለክቶ፣ የመነጽሩን ማስተካከያ ቁልፍ አዙሮ፣ በመሐሉ መስቀል ብቻ ለሚተኩስ ሰውም ኋለኛው አያስቸግረውም፤ ቁልፉ የሚያንቀሳቅሰው መጠን በማጉያው አይለወጥምና። ርቀቱ በሚለዋወጥበት ገላጣ ተራራ ላይ ለሚያድንና በምልክቶቹ ለሚያልም ሰው ግን ፊተኛው ጠለል የተሻለ ዋስትና ነው። ምክንያቱም በጭንቀት ሰዓት ከሚረሱት ነገሮች አንዱን፣ የማጉያውን ቁጥር፣ ከአዳኙ ራስ ላይ ያነሣለታል።

አንድ መነጽር የየትኛው ዓይነት መሆኑን ለማወቅ አንዲት ጥይት ማባከን አያስፈልግም። ቀለበቱን እያዞሩ ማየት ነው፤ መስቀሉ ከምስሉ ጋር ካደገ ፊተኛ፣ ባለበት ከቀረ ኋለኛ ነው። ቀጥሎም በትክክል በተለካ 100 ሜትር ላይ ባለ 1 ሜትር መለኪያ ይቁም። በትክክለኛው ማጉያ 5 ሚል 50 ሳንቲ ሜትር መሸፈን አለበት። ባለ ኋለኛ ጠለል መነጽር በግማሽ ማጉያ ሲታይ ግን እነዚያው 5 ምልክቶች መለኪያውን በሙሉ፣ ማለትም 1 ሜትሩን ይሸፍናሉ። መነጽሩ ከጠመንጃው ተለይቶ ለብቻው በመቆሚያ ላይ ሆኖ ይህ ሙከራ ሊደረግ ስለሚችል፣ ለትምህርት ቤት የብርሃን ትምህርትም መልካም ሥራ ይሆናል።

በመጨረሻም ሕጉን ሳናነሣ አናልፍም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ማደንም የራሱ ፈቃድ አለው። በመሣሪያ ላይ መነጽር ለመግጠም የሚያስብ ሰውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባዋል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ከአፈሙዝ የወጣች ጥይት ግን አትለቀምም። ስለዚህ መነጽሩ ባለ ፊተኛ ይሁን ባለ ኋለኛ ጠለል፣ ማጉያው በየት ላይ እንዳለና ምልክቱ በዚያ ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚል መልስ ያላገኘ አዳኝ፣ ጣቱን ከቃታው ላይ ማንሣት ይገባዋል። አጋዘኑ ነገም በተራራው ላይ ይገኛል።